የእኛ ሰው የለበትም

በጥር የተቆፈረ አፈር ሽታ አለው። የክረምቱን ማለቴ አይደለም፤ ዝናብ የነካው አፈር መሽተቱን ማንም ያውቀዋል፣ ያላሞገሰውም የለም። እኔ የምለው በበጋ፣ ላዩ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ በዶማ ሲፈነቀል ከሥር የሚወጣውን ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ትንሽ ብረት ብረት፣ ትንሽ የቆየ ጎተራ ጎተራ ይላል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ፍኖተ ሰላም ጎረቤቴ የሽንት ቤት ጉድጓድ ስታስቆፍር በአጥሩ በኩል መጣብኝና የያዝኩትን የልብስ ሳፋ አስቀምጬ ቆምኩ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም፤ ተናደድኩ እንጂ። ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎ ያ ሽታ ሲመጣብኝ የሚቀድመው ንዴት ነው፣ ሐዘኑ ቀስ ብሎ ከኋላ ይደርሳል። «ይቅር በይው፣ ያለፈ ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። አልልም። ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ አይሸተኝም ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ለታላቅ እኅቱ፣ ለእቴቴ አትጠገብ ሰጠኝ። ሰጠኝ ማለት አብሬያቸው ልኖር ሄድኩ ማለት ነው። ቤታቸው ከጅጋ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከደጃቸው ቆመው ቢጣሩ ይሰማል። ባላቸው ጋሼ ይበልጣል ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ የላቸውም ይባል ነበር። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት አገኘሁ፣ እሳቸው ውኃ ቀጂ አገኙ፤ አባቴም ከስድስት ልጆቹ አንዷን ቀነሰ።

እቴቴ አትጠገብ አጭር፣ ቀጭን፣ አንደበታቸው የተፈራ ሴት ነበሩ። የጤፍ ውቂያ ሰሞን አንድ ጎረቤታችን አውድማው ላይ ቆሞ፣ «ይኼ ሁሉ እህል ለብቻዎ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው። ቀና ሳይሉ፣ «እጠግብበታለሁ። አንተ ከስምንት ጋር ተሻምተህ ከምታድረው ይሻላል» አሉት። ሰውየው ራሱ ሳቀ። እኔ ግን ማታ ሲተኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብዙ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንደሚቆዩ አውቅ ነበር። ምክንያቱን አላውቅም። የአሥር ዓመት ልጅ ብዙ ነገር ታያለች፣ ካየችው ግማሹን ገልብጣ ትረዳለች።

ከምንጩ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዳችን ላይ ቁልሉ አለ። ቁልሉ ማለት ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ፣ የጉብታ ያህል ከፍ ያለ የአፈርና የድንጋይ ክምር ነው። ማን እንደከመረው የሚያውቅ የለም። አገሩ «የአረመኔ መቃብር» ይለዋል፤ ከክርስትና በፊት የነበሩ ሰዎች የተቀበሩበት ነው ማለታቸው ነው። ከግርጌው በኩል አንድ ቀጋ ነበር፣ እሾሃም፣ ጠማማ ቁጥቋጦ። እቴቴ አትጠገብ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ውኃ ይወርዱ ነበር፤ ስንመለስ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ሲደርሱ ጀሪካናቸውን ያወርዱና አንድ ጣሳ ያህል ከቀጋው ሥር ያፈስሳሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

«እቴቴ፣ ለምን ያጠጡታል?»

«ይጠማዋላ።»

«ቀጋ እኮ ነው።»

«ቀጋ አይጠማውም ያለሽ ማነው? ቅደሚ፣ ፀሐዩ ሳይጠነክር።»

ቀጋ የሚያጠጣ ሰው በአገራችን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ መረመርኩ። በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ተቀበረ ወርቅ ነበር። ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው፣ የድሮ መኳንንት ያስቀመጡት፣ ብቻ የማይባል የለም። ጅጋ ገበያ ላይ አንድ ሰው መሬት ላይ ሲያስጠጉት የሚጮህ ማሽን ይዞ ታይቷል ተባለ። አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ የተቀበረ ወርቅ መሬቱ ሲደርቅበት ከሥር ከሥር እየሄደ ይሸሻል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ውኃ ያጠጣዋል ብላ ነገረችኝ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ገባኝ። እቴቴ አትጠገብ ከቀጋው ሥር ወርቅ አላቸው። ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰውም ሲቆጥሩት ነው። የከፋኝ ወርቅ መኖሩ አይደለም፤ ለእኔ አለመንገራቸው ነው። ጀሪካን ስሸከም የቤት ልጅ፣ ምስጢር ሲሆን የሰው ልጅ ሆንኩ ብዬ ተቀየምኩ።

ጥምቀት መጣ። ከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበን ወንዝ ወረድን፣ እዚያው አደርን፣ በማግስቱ ታቦቱን እየዘመርን መለስን። በአካባቢው አንድም ሰው ቤቱ አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሌባ ያንኑ ቀን መርጦ መጣ። ከበዓሉ ስንመለስ ቁልሉ ላይ አምስት ጉድጓድ ተከፍቶ አገኘን። አፈሩ በየአቅጣጫው ተበትኗል፣ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። አጥንቱን ልክ እንደማይረባ ጭራሮ ወዲያና ወዲህ ወርውረውታል። አንድ የራስ ቅል መንገዱ ዳር ወድቆ ነበር፤ ጥርሱ ከእኔ ጥርስ ደህና ነበር።

ወንዶቹ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ቆመው ምን አሉ መሰላችሁ? «ወሰዱት!» አሉ። ወርቁን ማለታቸው ነው። «ስንት ዘመን ላዩ ላይ ከብት ስንጠብቅ ኖረን፣ ለመጤ ሌባ!» አሉ። ስለ አጥንቱ የተናገረ የለም።

እቴቴ አትጠገብ የበዓል ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ጉድጓዶቹን አልፈው፣ ሰዉን አልፈው፣ ቀጋው ጋ ደረሱ። አልተነካም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እኔ ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች፤ ወርቃችን ተርፏል!

ከዚያ ተነሡና የበዓል ነጠላቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉ። የተበተነውን አጥንት አንድ በአንድ እየለቀሙ እዚያ ላይ ያደርጉ ጀመር። ቄስ ይሁኔ፣ የደብራችን ካህን፣ ገና የበዓል ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ደንግጠው ቀረቡ።

«አትጠገብ! ምን እያደረግሽ ነው? ያልተጠመቀ ሰው አጥንት፣ በጥምቀት ነጠላ?»

«ውጭ ወድቋል፣ አባ። መጀመሪያ ይተኛ። ተጠምቋል፣ አልተጠመቀም የሚለውን ከተኛ በኋላ ይጠይቁት።»

 እቴቴ ያን ሁሉ አጥንት ወደየጉድጓዱ መለሱት፤ የማን እግር ከማን ራስ ጋር እንደሆነ ግን ማን ያውቃል። እኔ ድንጋይ አቀበልኳቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው፣ «አፈሩን ገለባ ያድርግላችሁ» አሉና ወደ ቤት ሄድን። ነጠላው ሦስት ጊዜ ታጥቦም አፈሩ አልለቀቀውም።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በኋላ ለመጣው ዶክተር ጅብ የሚለው ቃል ይከብዳል፣ ጨዋ ሰው ነበር። ግን ገባ። የሌባው ወሬ ከተማ ደርሶ ኖሮ፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ አንዲት ነጭ መኪና መጣች። ሌባ ዳግመኛ ከመምጣቱ በፊት ቁልሉ መጠናት አለበት ተብሎ የጥንት መቃብር የሚያጠኑ ሰዎች ደብዳቤ ይዘው መጡ። መሪያቸው መነጽር ያደረገ፣ ገና ጎልማሳ ዶክተር ነበር። አገሩን በቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሰበሰበ። አገሩ ማለት ወንዶቹ ናቸው፤ እኛ ልጆች ቅጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር።

ዶክተሩ ሁሉንም በሥርዓት አስረዳ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ከእናንተ ወገን የተቀበረ ሰው አለ? ካለ አንነካውም» አለ።

ቄስ ይሁኔ፣ «የእኛ ሰው የለበትም። የእኛ ሰው ሁሉ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው» አሉ።

«አንድም?»

«አንድም።» ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረሙ፣ ያልቻለም በጣቱ አተመ።

ልብ በሉ፣ አልዋሹም። ቢዋሹ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታም ይታረቃል። እነሱ ግን ከልባቸው ነው የመለሱት። በእኛ ዘንድ ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ከሞተ፣ ወንዱ አርባ ቀን፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው ማለት ነው፣ ፍትሐት አይደረግለትም፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም። አባትየው ገና ጎህ ሲቀድ በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ያሳርፈውና ይመለሳል። እናትየው አራስ ናት፤ አትከተልም። ከዚያ በኋላ አይወራም። ስለዚህ ዶክተሩ «ሰው አለ?» ሲላቸው ቆጠሩ፣ ቆጠሩና ያ ሕፃን ቁጥር ውስጥ አልገባም። አረመኔው እንኳ የአረመኔ መቃብር የሚባል ስም አለው።

ከቀጋው ሥር ያለውም ይኸው ነበር። የእቴቴ አትጠገብ የበኩር ልጅ፣ ወንድ፣ ሦስት ቀን የኖረ። ጋሼ ይበልጣል ማሰሮ ውስጥ አድርገው አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥመው ቀበሩትና ከቤት በር ላይ ቆመው ቀጋውን ለእቴቴ በጣታቸው አሳዩአቸው። ሌላ አልወለዱም። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። እናንተ ግን እኔ ያደረግሁትን ስትሰሙ እያወቃችሁ ስሙት።

እቴቴ አትጠገብ ስብሰባው ከተደረገበት ሳምንት ጀምሮ አልነበሩም። ቡሬ ያለች የባላቸው እኅት ታማ ሊያስታምሟት ሄደዋል። እኔን ለቄስ ይሁኔ ባለቤት ለእታለም ዘርፌ አደራ ሰጥተው ነበር። እታለም ዘርፌ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ባላቸው በሚናገሩበት ቤት ማዕድ አቅርበው በግድግዳ በኩል የሚወጡ ሴት ነበሩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ቁልሉ ጋ እሄዳለሁ። ዶክተሩ ሲሠራ ደስ ይል ነበር፤ ይህንን አልክድም። ሲባጎ ወጥሮ መሬቱን እንደ ደብተር ያሰምረዋል። ዶማ አያስነካም፤ በትንሽ መኮስተሪያ፣ በቀለም ብሩሽ አፈሩን እየጠረገ፣ ትንፋሹን ሳይቀር እየቆጠበ ይሠራል። ሌባው በአንድ ቀን የገለበጠውን ዶክተሩ በሳምንት አልጨረሰውም። አንድ ቀን ብቻውን ሲያርፍ ጠጋ ብዬ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር፣ በምን እንደታመሙ፣ ሟቾቻቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ። አጥንት ይናገራል፣ ታውቂያለሽ?»

«ወርቅስ?»

ሳቀ። «ወርቅ አይናገርም።»

አላመንኩትም። ለወርቅ ካልሆነ በዚያ ፀሐይ ማን ይንበረከካል? እጄን አንሥቼ ቀጋውን አሳየሁት። «እዚያ ነው ያለው» አልኩት።

«ምኑ?»

«ያለው።»

ሄዶ አየ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዳሰሰ፣ የጠፍጣፋ ድንጋይ ጫፍ አገኘ። ወደ እኔ ዞሮ በአድናቆት ፈገግ አለልኝ። ልጅነት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ሰውም የሚለኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልልም። የገዛ አክስቴ ምስጢራቸውን ስላልነገሩኝ ተቀይሜ፣ ምስጢራቸውን ላገኘሁት የመጀመሪያ ደግ እንግዳ አሳልፌ ሰጠሁ። ልጅም ቢሆን ይህን ሲያደርግ ልቡ ያውቀዋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ቀጋው ተነቀለ። ከሥሩ ሦስት ማሰሮ ወጣ፣ ጎን ለጎን፣ አፋቸው በድንጋይ የተገጠመ። እኔ ከሲባጎው ውጭ ሆኜ እመለከት ነበር። ዶክተሩ የአንዱን ክዳን አነሣ። ወርቅ አልነበረም። የጫጩት አጥንት የሚመስል፣ ቀጭን፣ ቡናማ ነገር ነበር። «ሕፃናት ናቸው» አለ ለረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በጣም ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ አቀባበር እዚህ አገር አይተን አናውቅም ይል ነበር፤ በእርግጥም አላየም። እኔ የእቴቴ ከንፈር ትዝ አለኝ። ሲቆጥሩ አልነበረም። ያን ማታ እታለም ዘርፌ ያቀረቡልኝን አልበላሁም። «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ፣ «ከቀጋው ሥር ሕፃን አወጡ» አልኳቸው። የያዙት ሰሐን ከእጃቸው ወደቀ። አንሥተው ወጡ።

ቅዳሜ ቀን ማሰሮዎቹ በጥጥ ተጠቅልለው፣ በካርቶን ሆነው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው መኪና ላይ ሲጫኑ እቴቴ አትጠገብ ከቡሬ መጡ። ከጅጋ በእግራቸው ነው የመጡት፣ አቧራ ለብሰዋል። ሥሩ ወደ ላይ የዞረውን ቀጋ አዩት። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም። የያዙትን ፌስታል መንገድ ዳር አስቀምጠው ቀጥ ብለው ወደ መኪናው መጡ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ ዶክተሩ።

«የቀጋው ሥር የትኛው ካርቶን ነው?»

«እነዚህ ሦስቱ። ምነው?»

«አውርዳቸው።»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው በዝግታ ያስረዳቸው ጀመር። «እማማ፣ እነዚህ በጣም የጥንት ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ዘመን ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡ በማሰሮ አድርጎ፣ አፉን በድንጋይ ...»

«ለቀባሪ አረዱት!» አሉ እቴቴ። «አንዱ ማሰሮ ከቤቴ የወጣ ነው። ውስጡ ያለው ደግሞ ከሆዴ።»

 ከወንዶቹ አንዱ፣ በስብሰባው ቀን መጀመሪያ የፈረመው ሽማግሌ፣ ተጠጋቸው። «አትጠገብ፣ እባክሽ አታሳፍሪን። ፈርመናል። የእኛ ሰው የለበትም ብለናል።»

«የእናንተ የለበትም። የእኔ ግን አለበት።»

ይህን ብለው ከመኪናው ፊት፣ ከጎማው ሥር፣ አቧራው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ንዳው» አሉት ሾፌሩን።

ዶክተሩ ፊቱ ተለዋወጠ። መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ያዘው። «እማማ፣ ጠይቀን ነበር። እምላለሁ፣ ደጋግመን ጠይቀን ነበር።»

«ማንን?»

ዶክተሩ ወንዶቹን አየ። ወንዶቹ መሬቱን አዩ።

«እኛ ሌቦች አይደለንም፣ እማማ። ደብዳቤ አለን።»

«ሌባ መች አልኩህ? ሌባው ወርቁን ፈልጎ አጥንቱን ትቶልኝ ሄደ። ሌባ ብትሆን በዱላ እመልስህ ነበር። የተማርክ ስለሆንክ ነው የተቀመጥኩልህ።»

እኔ ያኔ መቆም አልቻልኩም። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩና፣ «እቴቴ፣ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ወርቅ መስሎኝ ነው» አልኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ የተሰማ አይመስለኝም። ቀና ብለው አዩኝ። የሚመቱኝ መሰለኝ፣ ቢመቱኝም በወደድኩ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጭኔን በመዳፋቸው ያዙት። አልለቀቁትም።

በዚህ መሃል እታለም ዘርፌ ከምንጩ ይመጡ ነበር፣ ጀሪካን እንዳዘሉ። ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና ጀሪካናቸውን አውርደው ከእቴቴ ማዶ ተቀመጡ። ቄስ ይሁኔ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ዘርፌ! ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

«አልነሣም።»

«ሰው ፊት?»

«ረሷት እንዴ፣ አባ?» አሉ እታለም ዘርፌ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማውን ሴት ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሰማቸው። «ሁለተኛዪቱን። ሰባ ስድስት ቀኗ ነበር። አራት ቀን ቀርቷት በአንድ ሌሊት ጉሮሮዋን አፍኗት ሞተች። እርስዎ ነዎት ይዘዋት የወጡት። የት አደረሷት?»

ቄስ ይሁኔ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። መልሱን ሁላችንም አወቅነው።

ከዚያ ሌላ ሴት መጣች። ከዚያ ሌላ። አንዷ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ ነበር። አንዲትም ተጨምራ አምስት ሆኑ። እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር፤ ስንት ዓመት አንድ ምንጭ ሲወርዱ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ፣ አንዷ የሌላዋን አታውቅም ነበር። ወይም ታውቅ ነበርና ማንሣት አልተፈቀደላትም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ይህን ታሪክ ስናገር «የጥንት መቃብር ባይጠና ኖሮ ስለ አባቶቻችን ምን እናውቅ ነበር?» የሚለኝ የተማረ ሰው አይጠፋም። ይጠና። እኔም ዶክተሩ ሲጠርግ ቆሜ ያየሁ፣ የወደድኩ ነኝ። ግን መቃብር የሚከፍት ሰው፣ ሌባም ይሁን ሊቅ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ሰው መምረጡን አይርሳ። ደጃፉ ላይ የሚያገኘው ሽማግሌ ሁሉንም አያውቅም። በሞተው ላይ ማን እንዳለቀሰ ይጠይቅ። ለቅሶ የተከለከለ ካለ ደግሞ በተለይ እሷን ይጠይቅ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ዶክተሩ ሦስቱን ካርቶን በገዛ እጁ አወረደ። ሾፌሩ ሊያግዘው ሲል በእጁ ከለከለው። ከሴቶቹ ፊት በጥንቃቄ አስቀምጦ ተንበረከከ።

«የትኛው የማን እንደሆነ ልታውቁ ትችላላችሁ?»

«የቀበሩት ያውቃሉ» አሉ እቴቴ። «የእኔው ሞቷል።» ሌሎቹ ሴቶች ወደ ባሎቻቸው ዞሩ። የሦስቱ ባሎች እዚያው ቆመው ነበር።  ጎህ ሲቀድ፣ እየቸኮሉ ያደረጉት ነገር ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ አልያዙትም።

ከዶክተሩ ጋር የመጣው ወጣት ፋይሉን ይዞ ቀረበ፣ እሱም ተጨንቋል። ቁጥር የተሰጠው ነገር ያለ ርክክብ ወረቀት አይወጣም አለ። ወረቀቱ ላይ የሟች ስም የሚል መስመር ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለእቴቴ አትጠገብ ዘረጋላቸው። እቴቴ ማንበብ አይችሉም። ተቀብለው ጭኔ ላይ አደረጉት።

«ጻፊ።»

«ማን ብዬ?»

ስም አልነበረውም። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ማን ስም ያወጣለታል?  እቴቴ ሽማግሌዎቹ ወደ ቆሙበት ዞረው፣ አንድም ፊደል እንዳያመልጣቸው አድርገው ተናገሩ።

«አለልኝ። አለልኝ ይበልጣል በይ።»

ጻፍኩ። እታለም ዘርፌ ቀጠሉ። «ማንጠግቦሽ» አሉ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት እንደለመድኩት፣ «የአባት ስም?» አልኩ። እታለም ዘርፌ ዓይናቸውን ወደ ባላቸው አነሡ።  «ይሁኔ» አሉ ቄሱ በመጨረሻ። «ይሁኔ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።» ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደማውቀው አልነበረም። ሌሎቹም ሦስቱ ሴቶች በየተራ ተናገሩ፣ አንዷ ሁለት ጊዜ ሐሳቧን ቀየረች፣ እኔም ሰርዤ ጻፍኩላት።

ዶክተሩ አየና፣ «አምስት ስም ነው፣ ማሰሮው ሦስት ነው። በየትኛው ላይ የትኛውን እንጻፍ?» አለ።

እቴቴ አትጠገብ ከጎማው ሥር ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«በሦስቱም ላይ አምስቱንም።»

ካርቶኖቹ ላይ የነበረውን ቁጥር አጥፍቼ ከላዩ ጻፍኩ። እጄ ትልቅ ትልቁን ስለሚጽፍ ቦታ አነሰኝ፤ የመጨረሻዎቹን ስሞች ወደ ጎን አዙሬ ጨመርኳቸው። ስጨርስ እቴቴ ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«በል፣ አንተ ማንበብ ትችላለህ። ጮክ ብለህ አንብበው፤ ወንዶቹም ይስሙ።»

አነበበው።